አስቤዛና አቅም
ለሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር



«ጤናማ ምግብ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በሱፐርማርኬት በውድ የሚሸጠው የወይራ ዘይትና የታሸገ ጭማቂ ነው። ከደመወዛችን ጋር ስናስተያየው «ይቅርብን» እንላለን። እኔ ግን በእጃችን ባለው ገንዘብ የተሻለ መመገብ እንችላለን ብዬ እሞግታለሁ። የኑሮ ውድነቱን በብልሃት ብቻ እናሸንፈዋለን አልልም፤ ሆኖም መቼ፣ ከማን ጋርና ምን ከምን አጣምረን እንደምንገዛ ማወቅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ከጊዜው ልጀምር። የመኸር እህል በታኅሣሥና በጥር ገበያ ሲገባ የጤፍና የጥራጥሬ ዋጋ ረገብ ይላል፤ ክረምት ሲቃረብ ይወደዳል። በሁዳዴ ደግሞ እንቁላልና ወተት ፈላጊያቸው ይቀንሳል። ሕፃናት እንዲጾሙ አይገደዱምና ለእነርሱ እንቁላል ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። የጾሙ ወጥ እንዳይነካካ የሚሰጋ ቤተሰብ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ቢለይ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከማን ጋር እንደምንገዛ ነው። በየዕለቱ ከሰፈር ሱቅ በሩብ ኪሎ የሚሸምት ሰው ለኪሎው የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ኩንታል ከሚያስጭነው ይበልጣል፤ አቅም ያነሰው ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። አራት ጎረቤታሞች አዋጥተው አንድ ኩንታል አተር ቢገዙ ግን ለእያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ዕቁብ መጣል የለመደ ሕዝብ ይህ አይቸግረውም። የእሁድ ገበያም አምራቹንና ሸማቹን ስለሚያቀራርብ በመካከል የሚገባውን ደላላ ይቀንስልናል።

ሦስተኛው የገበታው ነገር ነው። ሽሮን ሥጋ ሲጠፋ የሚበላ አድርገን እናቃልለዋለን። ነገር ግን በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በአተር፣ በሽምብራና በባቄላ በብዛት ስለሚገኝ ሽሮ በእንጀራ የተሟላ ፕሮቲን ይሰጣል። ችግሩ ያለው በብረት ማዕድኑ ላይ ነው፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል፤ ይህም በጥሬ ቃሪያ ውስጥ ሞልቷል። ከሽሮው ጎን የሚቀርበው ስንግ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ከጣዕም በላይ ሥራ አለው ማለት ነው። ምግብ እንዳበቃ የሚጠጣ ሻይና ቡና በአንጻሩ ብረቱን ያግደዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ብናቆየው ምንም ወጪ የለውም። ጎመንም ብዙ ሲንተከተክ ቫይታሚን ሲውን ያጣል፤ ቶሎ ቢወጣ ለማገዶውም ይበጃል።

ለአትክልትና ለእንቁላል ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከስኳር፣ ከለስላሳ መጠጥና ከዘይት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ጠጣር ቅባት ነው። የኑግ ዘይት የተሻለ ቢሆንም ይወደዳል፤ ስለዚህ ወጡ ላይ የምንጨምረውን ዘይት መቀነስ ጤናንም ኪስንም ይጠብቃል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እናንተ ደመወዝ ሲወጣ ከአስቤዛ ዝርዝራችሁ አናት ላይ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል አስፍሩ፤ ስኳርና ለስላሳ ከተረፈው ይገዙ። ማኅበራችን ደግሞ የዓመቱን የጥራጥሬ ግዢ በመኸር ወቅት እንዲፈጽም ይህ ጉባኤ ይወስን። ሐሳቡን ለውይይት አቅርቤአለሁ።