ስለ ቤት ዕቃና ስለ ልብስ አመራረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ሀገር ዕድገትና ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፥ ለእኔ የደረሰኝ አርእስት ከሁሉ ዝቅ ያለ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ይኸውም ስለ ጫማ፥ ስለ ልብስ፥ ስለ ምድጃና ስለ ጀሪካን ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ከትምህርት ገበታው የሚቀረው ሁልጊዜ ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ ጫማው ስለተቀደደ፥ ልብሱ ስላልደረቀ፥ ወይም እንጨት ለቀማ ስለተላከም ይቀራል። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትንሽ አይደለምና ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፥ ርካሽ ዕቃና ጥሩ ዋጋ ያለው ዕቃ አንድ አለመሆናቸውን እንመልከት። አንዱ ጫማ 600 ብር ቢሸጥና አራት ወር ቢያገለግል፥ ሌላው 1,200 ብር ቢሸጥና ዓመት ቢያገለግል እንበል። የመጀመሪያው በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚገዛ 1,800 ብር ያስወጣል። ስለዚህ በገበያው ርካሽ የነበረው በቤት ውስጥ ውድ ሆነ ማለት ነው። ዕቃ ስንገዛ «ስንት ነው?» ብለን ብቻ ሳንቀር፥ «ስንት ወር ያገለግላል?» ብለን መጠየቅና ዋጋውን ለወራቱ ማካፈል ይገባናል። ይህ ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ የማያልፍ ነው።

«በእጁ 600 ብር ብቻ ላለው ሰው ይህ ሒሳብ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ችግራችን ገንዘብና ወጪ በአንድ ወር አለመገናኘታቸው ነው። ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ግን ጎተራ ባዶ በሆነበት በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ ወላጅ ተጣድፎ ያገኘውን ይገዛል፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል። መፍትሔው የመስከረምን ጫማ በጥር ማሰብ ነው። በዕቁብም ይሁን በሌላ መንገድ ከእህሉ ሽያጭ ትንሽ ለይቶ ማስቀመጥ፥ ወይም ጫማውን በዚያው ወራት፥ ለልጁ እግር አንድ አውራ ጣት ያህል ተርፎ የሚሆነውን መርጦ መግዛት ይቻላል።

ጫማን ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ አገር አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ የዘንገና ሐይቅም የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋማና ዝናባም አገር በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ይህንን በሽታ ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ፥ ምክንያቱ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቷል። ደቃቃ የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባና ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ረቂቅ ሥሮች ያሳብጣል። ሁሉም ሰው እኩል አይያዝም፤ በትውልድ የተጋለጡ ቤተ ሰቦች አሉ። ነገር ግን በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጫማ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ስንመርጥም አብረቅራቂነቱን ትተን እግርን ከነጣቶቹ የሚሸፍን፥ ሶሉ የተሰፋና የማያንሸራትት መሆኑን እንይ። ከላይ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነ ጫማ፥ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ እንደሆነ፥ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ወደ ልብስ ልመለስ። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚያሞቀን የጨርቁ ክብደት ብቻ ሳይሆን በጨርቁ መካከል የሚያዘው አየር ጭምር ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ሆኖ ሳለ ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ስለዚህ ነው። እንደዚሁም አንድ ወፍራም ካፖርት ከመግዛት ይልቅ ሸሚዝና ሹራብ ደርቦ መልበስ ይሻላል፤ ፀሐይ ሲወጣ አንዱን ማውለቅ ይቻላልና። ጥጥ ግን ዝናብ ከመታው ሙቀቱን ያጣል፤ ቶሎም አይደርቅም። የበግ ፀጉር ርሶም ቢሆን ጥቂት ያሞቃል። እረኞቻችን በላያቸው ገሳ የሚደርቡት ብልሆች ስለሆኑ ነው፤ ተማሪም ከጌጠኛ ጃኬት በፊት ዝናብ የማያስገባ ልብስ ወይም ዣንጥላ ያስፈልገዋል።

ጨርቅ ስንገዛ የሚጠቅሙ ቀላል ፈተናዎች አሉ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፤ ክሩ የሳሳ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ስፌቱን በሁለት እጅ ቀስ ብሎ መሳብ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ናይሎን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ፖሊስተር ፈጥኖ ስለሚደርቅና ስለማይጨማደድ ለደንብ ልብስ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም እሳት ሲይዘው ቀልጦ ገላ ላይ ስለሚጣበቅ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ምድጃ አጠገብ ሲሠሩ ባይለብሱት ይመረጣል።

አሁን ስለ ቤት ዕቃ። እንስራ ውሃን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል፤ ነገር ግን ባዶውን ሳለ እንኳ ከባድ ነው፥ ሲወድቅም ይሰበራል። ሃያ ሊትር ውሃ ብቻውን ሃያ ኪሎ ስለሚመዝን፥ በልጃገረድ ጀርባ ላይ የዕቃውን ክብደት መጨመር አይገባም። ስለዚህ ለመቅጃ ጀሪካን፥ ለማስቀመጫ እንስራ ቢሆን ሁለቱም በየቦታቸው ይጠቅማሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን፥ በነፃም ቢገኝ፥ ለውሃም ለዘይትም አታድርጉት፤ መታጠብ ብቻውን መርዙን አያስወግደውም።

ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ዋጋ ያለው ዕቃ ጥሩ ምድጃ ይመስለኛል። ከሲሚንቶ ተሠርቶ እንጀራ የሚጋገርበት «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ለከሰልም «ላቀች» የተባለው ምድጃ አለ። የሚተርፈው እንጨት ብር ብቻ አይደለም፤ የእናት ዓይን ከጢስ፥ የልጅም ሰዓት ከእንጨት ለቀማ ይተርፋል። ያ ሰዓት ለጥናት ይውላል።

ለመቀመጫ ደግሞ በደጃችን ቀርከሃ አለን። የፕላስቲክ ወንበር ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ከተሰበረም ይጣላል። የቀርከሃውን ግን ጎረቤታችን ያለው ባለሙያ ይጠግነዋል፤ ገንዘቡም በከተማችን ይቀራል። ሲገዙ ግን ቀርከሃው የበሰለ፥ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው፥ በበጋ የተቆረጠና በደንብ የደረቀ መሆኑን መጠየቅ ያሻል። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም ይበላዋል።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዝራር መትከልና ልብስ መጣፍ፥ ለወንድም ለሴትም፥ ከንባብ ጋር ይሰጥ ነበር። መርፌና ክር ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያላቸው የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ የአንድን ሱሪ ዕድሜ ግን በዓመት ያራዝማሉ። የተጣፈና የታጠበ ልብስ የሚያሳፍር አይደለም።

በመጨረሻ ለሁለት ወገን አንዳንድ ቃል ልናገር። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ጓደኛችን ያደረገውን ስም የታተመበት ጫማ አይተን «ካልተገዛልኝ» ብለን ወላጆቻችንን ስናስጨንቅ፥ የምንጠይቀው ከበጉ ወይም ከእህሉ መሆኑን አንርሳ። አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ድፍረት አይሁንብኝና፥ በቡፌ ውስጥ ለእንግዳ የተቆለፈ ብርጭቆ ከመደርደሩ በፊት ለልጅ ጫማና የሚያጠናበት መብራት ይቅደም። እንግዳ በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል፤ ልጅ ግን በየማታው ያጠናል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለቀሚስና ለጫማም ይሆናል።