የሞት ቅጣትና የፍርድ እኩልነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ሞት ቅጣት የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው፣ መንግሥት የሰውን ሕይወት ለማጥፋት ሥልጣን አለው ወይስ የለውም በሚለው ነገር ላይ ነው። ለእኛ ለሕግ ባለሙያዎች ግን ከዚህ ይልቅ ወደ ሥራችን የቀረበ ሌላ ጥያቄ አለብን። ይኸውም፣ አንድ ዓይነት ጥፋት ከፈጸሙት ሰዎች መካከል ለሞት የሚለየው ማን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ልማድ ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ስለዚህ ሀብትና ወገን ያለው ገዳይ ከፍሎ ሊተርፍ ሲችል፣ ደኻው በዚያው ዓይነት ጥፋት ይሞት ነበር። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ፍጻሜው ግን አንድ አልነበረም።

ይህ ልዩነት በዘመናዊ ፍርድ ቤት ጠፍቷል እንዳንል፣ በአሜሪካ የታየው የማክሌስኪ ጉዳይ ያግደናል። ዋረን ማክሌስኪ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በአትላንታ ከተማ በዝርፊያ ላይ ሳለ አንድ ነጭ ፖሊስ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ጠበቆቹም ፕሮፌሰር ዴቪድ ባልደስና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትን ጥናት በማስረጃነት አቀረቡ። ጥናቱ በ1970ዎቹ በጆርጂያ ግዛት የታዩ ከ2,000 የሚበልጡ የግድያ መዝገቦችን መርምሯል። ሟቹ ነጭ ከሆነባቸው መዝገቦች 11 በመቶ ያህሉ፣ ሟቹ ጥቁር ከሆነባቸው ግን 1 በመቶ ያህሉ ብቻ በሞት ፍርድ ተደምድመዋል። ሌሎች ምክንያቶች ሁሉ ከተመዘኑ በኋላም፣ ነጭ በገደለ ሰው ላይ ሞት የመፈረዱ ዕድል 4.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ጥናቱ ትክክል ነው ቢባል እንኳ፣ በዚህ ተከሳሽ ላይ ሆን ተብሎ አድልዎ መፈጸሙ አልተረጋገጠም አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1991፣ በዚህ ጉዳይ የሰጡትን ድምፅ ቢችሉ እንደሚለውጡ ለሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊ ነገሩ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ማክሌስኪ በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። የዳኛው ቃል በመጽሐፍ የታተመው በ1994 ነው።

የቅጣቱ ደጋፊዎች የሚሰጡት መልስ የሚናቅ አይደለም። ሌላው ማምለጡ ይህኛውን ንጹሕ አያደርገውም፤ የሟች ቤተ ሰብም ፍትሕ የመጠየቅ መብት አለው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ጥፋተኛነትን መወሰንና ከጥፋተኞች መካከል የሚሞተውን መለየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በማስረጃ ሲመራ፣ ሁለተኛው በዘር፣ በሀብት ወይም በጠበቃ ትጋት የሚመራ ከሆነ፣ ፍርዱ ወደ ዕጣ ይወርዳል። በስሕተት የተዘጋ ወህኒ ቤት ይከፈታል፤ መቃብር ግን አይከፈትም።

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 ቅጣቱን በጥብቅ ወስኖታል። ወንጀሉ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛው በተለይ አደገኛና 18 ዓመት የሞላው፣ ማቅለያ ምክንያትም የሌለ መሆን አለበት፤ ፍርዱም በርእሰ ብሔሩ ሳይጸና አይፈጸምም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑባት አገር የዚህን አጥር ዋጋ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ማቅለያ ምክንያት በራሱ እግር ወደ ችሎት አይመጣም፤ ፈልጎ የሚያቀርበው ጠበቃ ይሻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20፣ አቅም ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። መዝገቡን በችሎቱ ዋዜማ የተቀበለ ጠበቃ ግን ይህን መብት በወረቀት ላይ ያስቀረዋል።

እንግዲህ ቅጣቱ ይቅር የሚለውም ሆነ ይኑር የሚለው ባልደረባችን በሁለት ነገሮች ሊስማማ ይችላል። አንደኛ፣ ሞት በሚያስፈርድ ክስ የሚቆም ተከላካይ ልምድና በቂ ጊዜ ይኑረው፤ ሁለተኛ፣ ሞት የተፈረደባቸውም ያልተፈረደባቸውም የግድያ መዝገቦች ጎን ለጎን ይጠኑ። እኔ በበኩሌ፣ ሚዛኑ እኩል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የሞት ፍርድ አይፈጸም እላለሁ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆሞ ነገሩን መስማት የቆየ ልማዳችን ነው፤ የምጠይቀውም ይህንኑ መቆም ነው።