ያረፈ መሣሪያና የዝገት ጥቃት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከዚራ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ዛፍ ያጠላባቸው ቀጥተኛ ጎዳናዎቿ ከጣቢያውና ከጥገናው ወርክሾፕ ጋር አብረው ተቀየሱ። በዚያ ወርክሾፕ ሞረድና መሮ፣ ካሊበርና ጉጠት ከአንጋፋ ወደ ተማሪ እየተላለፉ የብረት ሥራ ሙያ በከተማይቱ ሥር ሰደደ። የጥንቱ ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የእጅ ሥራ ፍቅር ግን አልቀረም። በትርፍ ጊዜው ሰዓት የሚጠግን፣ እንጨት የሚቀርጽ ወይም ጥቃቅን ዕቃ የሚሠራ ሰው መሣሪያዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን አኑሮ ከአልጋ ሥር ያስቀምጣል።

ይህ ሰው ሣጥኑን ከወራት በኋላ ሲከፍት የገዛ ጣቱን አሻራ በመሮው ላይ በቡናማ ቀለም ታትሞ ያገኘዋል። «ድሬዳዋ ደረቅ አገር ናት፤ ዝገት የባሕር ዳርቻ ሰው ችግር ነው» የሚለው አስተያየት በዚህ ጊዜ ይፈተናል። አስተያየቱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ጨው ያዘለ የባሕር ነፋስ ብረትን ፈጥኖ እንደሚበላ የታወቀ ነው፤ ድሬዳዋም ከጅቡቲ ወደብ በሐዲዱ መንገድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነገር ግን የከዚራ ሰው ጨውን በእጁ ይዞት ይዞራል። በሙቀት የሚፈስ ላብ ጨው አለበት፤ ይህም ጨው እርጥበትን ከአየር እየሳበ የብረቱን ገጽ ለዝገት ያጋልጣል።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውኃና ኦክሲጅን ሲገናኙ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቬርነን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ጥናቶች እንደታየው፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የዝገቱ ፍጥነት በድንገት ይጨምራል፤ ጨው ባለበት ግን ከዚያ በታችም ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ሙቀት 50 በመቶ እርጥበት የያዘ አየር ደረቅ ይመስላል። ይኸው አየር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ማታ ወደ 27 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እርጥበቱ 60 በመቶ ይደርሳል፤ ወደ 18 ዲግሪ ገደማ ቢወርድ ደግሞ በብረቱ ላይ ጤዛ ይጥላል። ስለዚህ የቀኑ ድርቀት የሌሊቱን ጉዳት አያስቀርም።

በየቀኑ የሚሠራበት መሣሪያ ይጠረጋል፣ ይታያል፤ ያረፈው ግን ተመልካች የለውም። እንግዲህ ጥበቃው የሚጀምረው ሣጥኑ ሲዘጋ ሳይሆን መሣሪያው ከእጅ ሲወርድ ነው። በመጀመሪያ ላቡና ብናኙ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ቀጥሎ ጨው የሌለው የማዕድን ዘይት ወይም ቫዝሊን በስሱ ይቀባ፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካ። የምግብ ዘይት ከጊዜ ብዛት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ቅቤም ይኮመጥጣል፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይበጁም። እንጨት ለሚነካው የመላጊያ ሆድ ሰም በስሱ ማሸት ይሻላል፤ ዘይት እንጨቱን ያበላሻልና። ሞረድም ዘይት ሲበዛበት ብናኝ ይይዛል፤ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ በደረቅ ወረቀት ለብቻው መጠቅለል ይበቃዋል። ሞረዶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ጥርሳቸው እንደሚጎዳም መዘንጋት አይገባም።

ሣጥኑም ራሱ ሊመረመር ይገባል። ያልደረቀ እንጨት፣ ርጥብ ጨርቅና የቆዳ ማኅደር እርጥበት፣ አሲድ ወይም ጨው ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ። ሲሊካ ጄል የተባለው እርጥበት መጣጭ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሲጠግብ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ካልደረቀ በሣጥኑ ውስጥ መኖሩ ከንቱ ነው። ሣጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከውጭ ግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወትና ንብረት ማጥፋቱን የድሬዳዋ ሕዝብ አይረሳውም። ጭቃ ውኃ የነካው መሣሪያ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ በዚያው ዕለት ዘይት ካልተቀባ ይጎዳል።

ዝገት ከያዘ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ መድኃኒት ይመስላል። ይሁን እንጂ ዝገት ማለት የተለወጠው ብረት ራሱ ስለሆነ፣ ሲጠረግ የመሣሪያው አካል አብሮ ይሄዳል። በመሮው ስለት ላይ የተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ በምትስለው እንጨት ሁሉ ላይ መሥመር ትተዋለች፤ በካሊበር መንጋጋ ላይ የወጣ ዝገትም ልኩን ያሳስታል። ለሙያተኛ ልኩ የተሳሳተ መሣሪያ ከጠፋ መሣሪያ ይብሳል፤ የጠፋው አያታልልምና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሣጥኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከበልጉ ዝናም በፊትና ክረምቱ እንዳለፈ ተከፍቶ ቢታይና ዘይቱ ቢታደስ ድካሙ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አንጋፋው ሙያተኛ ለልጁ ወይም ለተማሪው የሚያወርሰው መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ስለቱና ልኩ ተጠብቆ ሲደርሰው ነው፤ ከመሣሪያውም ጋር ይህን የጠረጋና የቅባት ልማድ አብሮ ሊያስረክበው ይገባል።