መኪናን በከተማ ዳር አቁሞ ስለ መሳፈር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በእንግሊዝኛ «ፓርክ ኤንድ ራይድ» እየተባለ የሚጠራው አሠራር ነው። ይህ አሠራር የጸና የአማርኛ ስም ስለሌለው ተግባሩን «አቁሞ መሳፈር»፣ ቦታውን ደግሞ «የዳር ማቆሚያ» እያልሁ እንድጠራው ይፈቀድልኝ። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ባለመኪናው ከቤቱ ተነሥቶ እስከ ከተማው ዳርቻ በመኪናው ይመጣል፤ በዚያ በተዘጋጀለት ሜዳ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መሐል ከተማ የሚዘልቀው በአውቶቡስ ወይም በባቡር ይሆናል። ሲመለስም እንደዚሁ ነው።

ሐሳቡ ለመግለጽ ቀላል በመሆኑ የከተማ አስተዳዳሪዎችን ልብ ፈጥኖ ይስባል። እኛን መሐንዲሶችንም የሚስበን አለምክንያት አይደለም። ሥራው ሜዳ መደልደል፣ የጎርፍ መውረጃ ማበጀት፣ አስፋልት ማንጠፍ፣ መብራትና አጥር መትከል ስለሆነ እጃችን የለመደው ነው። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ የአንድ የዳር ማቆሚያ ዕድል የሚወሰነው ከሜዳው ስምንት ወይም ዐሥር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በመሐል ከተማው ውስጥ በሚደረገው ነገር መሆኑን ነው። ይህን አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ሜዳ የሚያነጥፍ ከተማ መሬቱን ያባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ሊቀንሰው የተነሣውን የመኪና ጉዞ ራሱ ያበዛዋል።

በመጀመሪያ ሲንጋፖርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጁን 1975 የዚያች አገር መንግሥት በጧት የሥራ መግቢያ ሰዓት ወደ መሐል ከተማው የሚገባ የግል መኪና ሁሉ በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር የሚከፈልበትን ፈቃድ በመስተዋቱ ላይ እንዲለጥፍ ደነገገ። አራት ሰው የያዘ መኪና ከክፍያው ነፃ ነበር። ደንቡን ያወጡት ሰዎች፣ ክፍያውን የሚሸሸው ባለመኪና መጠጊያ እንዳያጣ በማሰብ፣ ከክልሉ ወሰን አጠገብ ወደ 10,000 የሚጠጉ መኪናዎች የሚያርፉባቸውን ማቆሚያዎች አዘጋጁ፤ ከእነዚያም ወደ መሐል ከተማ የሚያመላልሱ ልዩ አውቶቡሶች መደቡ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ሆነ። በክፍያው ሰዓት ወደ ክልሉ የሚገባው የተሽከርካሪ ብዛት ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። ማቆሚያዎቹ ግን ባዶአቸውን ዋሉ። አመላላሾቹም ተሳፋሪ በማጣታቸው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ሜዳዎቹም ለሌላ አገልግሎት ተሰጡ።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ የሚገኘው መንገደኛው በልቡ ከሚይዘው ሒሳብ ላይ ነው። የትራንስፖርት ጥናት ካረጋገጣቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰው ቆሞ የሚጠብቃትን ደቂቃ ተቀምጦ ከሚጓዝባት ደቂቃ እጥፍ ያህል አድርጎ የሚቈጥራት መሆኑ ነው። ከአንዱ መጓጓዣ ወርዶ ወደ ሌላው መሸጋገርም ራሱን የቻለ ሸክም ነው። የሲንጋፖር ማቆሚያዎች የተሠሩት በክልሉ ደጃፍ ላይ ነበር። ባለመኪናው እዚያ ሲደርስ ከመንገዱ አብዛኛውን ክፍል፣ ከመጨናነቁም ትልቁን ድርሻ አልፎታል። የቀረችውን አጭር መንገድ ለመሄድ ከመኪናው ወርዶ አውቶቡስ ሲጠብቅ መቆሙ የማያዋጣ ንግድ ሆነበት። ስለዚህ ወይ ከጎረቤቶቹ ጋር አራት ሆኖ ገባ፤ ወይ ከክፍያው ሰዓት ቀደም ብሎ መጣ፤ ወይ መኪናውን ከነአካቴው ትቶ ከሰፈሩ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ወይም ከፈለ። የመኪናውን ብዛት የቀነሰው ክፍያው ነበር፤ ማቆሚያዎቹ ለዚህ ያደረጉት አስተዋጽኦ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሥራው የተሳካላትን ከተማ ለማየት ወደ ኦክስፎርድ እንሂድ። ይህች የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ መንገዶቿ ጠባብ፣ ሕንፃዎቿም ጥንታውያን ናቸው። በክራይስት ቸርች ኮሌጅ መስክ በኩል አዲስ መንገድ ይውጣ አይውጣ እየተባለ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ከኖረ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የውስጥ መንገዶቹ ዕቅድ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ መግቢያዋ ላይ፣ ሬድብሪጅ በተባለው ስፍራ፣ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ የሆነውን ቋሚ የዳር ማቆሚያ ከፈተች። ዛሬ በዙሪያዋ አምስት ማቆሚያዎች አሏት። እነዚህም የተቀመጡት ከሩቅ የሚመጣው ባለመኪና ገና ከመጨናነቁ ሳይገባ በሚያገኛቸው ስፍራ፣ በቀለበት መንገዱ አካባቢ ነው። በዚህ ከሲንጋፖር ይለያሉ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን በሜዳዎቹ ትይዩ በመሐል ከተማው ውስጥ የተደረገውን ነው። በዚያ የማቆሚያ ቦታ ሆን ተብሎ እንዲያንስና እንዲወደድ ተደረገ፤ አውቶቡሶች የራሳቸው መስመር ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኮርንማርኬት የተባለው የገበያ መንገድ ለእግረኛ ተለቀቀ፤ ሃይ ስትሪት የተባለው ዋና ጎዳናም ቀን ቀን ለግል መኪና ዝግ ሆነ።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር ላሳይ። አንድ መኪና፣ መተላለፊያው ታስቦ፣ በሜዳ ላይ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይይዛል። እንግዲህ አንድ ሄክታር ቢበዛ 400 መኪና ቢያቆም ነው። የትራፊክ መብራት ያለበት የከተማ ጎዳና አንዱ መስመር በሰዓት 800 ያህል መኪና ያሳልፋል ብንል፣ አንድ ሄክታር ሙሉ የዳር ማቆሚያ ከመንገዱ ላይ የሚያነሣልን የአንድ መስመር የግማሽ ሰዓት ፍሰት ብቻ ነው። ያቺም ክፍት ቦታ ክፍት ሆና አትቆይም። መጨናነቁን ፈርቶ መኪናውን ያላወጣ ወይም በሌላ ሰዓት ይጓዝ የነበረ ሌላ ባለመኪና ቀስ እያለ ይይዛታል። ኦክስፎርድ የተለቀቀውን ቦታ ለአውቶቡስና ለእግረኛ ባትሰጠው ኖሮ ሬድብሪጅም ሞልቶ፣ መሐል ከተማውም እንደ ሞላ በቀረ ነበር።

ይህም ሆኖ ኦክስፎርድ ከነቀፌታ አላመለጠችም። ግራም ፓርክኸርስት የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ አቁሞ መሳፈር የመኪናን ጉዞ ሊያበዛው አይችልምን? ሲሉ ጠየቁ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ቀድሞ ጉዟቸውን በሙሉ በሕዝብ ማመላለሻ ይፈጽሙ የነበሩ ሰዎች ተገኙ። ሌሎቹ ደግሞ ማቆሚያው ባይኖር ኖሮ ያን ጉዞ አያደርጉትም ነበር። ማቆሚያውን ለማግኘት ከቀጥተኛው መንገዳቸው ወጥተው ተጨማሪ ኪሎ ሜትር የሚነዱም አሉ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ በከተማው ውስጥ የተቀነሰው ጉዞ ከከተማው ውጭ በሚጨምረው ሊዋጥ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጁሊያኖ ሚንጋርዶ በሮተርዳምና በሄግ የባቡር ጣቢያ ማቆሚያዎች ላይ ባሳተሙት ጥናትም ይኸው ያልታሰበ ውጤት ታይቷል። ከዚህ ጀርባ የሚጎዳው የገጠሩ አውቶቡስ ነው። ተሳፋሪዎቹን በየጊዜው ሲነጠቅ የጉዞው ምልልስ ይቀንሳል፤ ምልልሱ ሲቀንስ መኪና የሌለው መንደርተኛ ያለ መጓጓዣ ይቀራል። በነገራችን ላይ፣ በኦክስፎርድ ምሥራቅ የሚገኘው ቶርንሂል ማቆሚያ የለንደን አውቶቡሶች የሚያልፉበት በመሆኑ፣ መኪናቸውን እዚያ አቁመው ጭራሽ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ለንደን የሚሄዱ ተጠቃሚዎች አሉት። ሜዳ ከተከፈተ በኋላ ማን እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ንድፍ አውጪው አይደለም።

ስለ ዋሽንግተን ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ የጀመረው ሜትሮ በዳርቻ ጣቢያዎቹ ላይ ለብዙ ሺህ መኪና የሚሆኑ ማቆሚያዎች አሉት። ከአገራችን የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ውስጥ ሠርተው ኑሯቸውን አቅንተዋልና፣ የመሐል ከተማ ማቆሚያ ዋጋ የሰውን የአነዳድ ልማድ እንዴት እንደሚለውጥ ከብዙዎቻችን ይልቅ እነርሱ ሊያስረዱ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በአዲስ አበባም ስለ መጨናነቅ ሲወራ፣ ከባቡሩ መነሻ ላይ ማቆሚያ ቢሠራ የሚለው ሐሳብ ከባልደረቦቼ አንደበት ደጋግሞ ስለሚወጣ ነው። ካርታውን ለሚመለከት ሰው ሐሳቡ ያማልላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ተነሥቶ በመሐል ከተማው ያልፋል። ሁለቱ የሚገናኙት በመስቀል አደባባይ አካባቢ ነው። አያትና ቃሊቲ ለማቆሚያ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. የመስቀል አደባባይ እንደገና ሲሠራ፣ ከአደባባዩ ሥር 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተገንብቷል። ሁለቱ የባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ስፍራ ማለት ነው። እንግዲህ ራሳችንን በአያት ነዋሪ ቦታ እናድርግ። መኪናውን በአያት ቢያቆም ባቡር ይጠብቃል፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው የነበረበትን ዘመንም አይረሳም። ባቡሩ ሲመጣ በተጨናነቀ ፉርጎ ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። መንዳቱን ቢቀጥል ግን ባቡሩ ከሚያደርሰው ስፍራ በመኪናው ይደርሳል፤ ማቆሚያም ያገኛል። የትኛውን ይመርጣል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋልን? በመሐል ከተማ በተጨመረ በእያንዳንዱ መቶ የማቆሚያ ቦታ ልክ፣ በዳርቻ የሚሠራው ሜዳ ፍሬ አልባ እየሆነ ይሄዳል። አስተዳደሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊጠቅሙ ግን አይችሉም።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው በእግር ነው፤ ከቀረውም አብዛኛውን የሚሸከሙት አውቶቡስና ታክሲ ናቸው። በአያት አንድ ሄክታር ለማቆሚያ ብንሰጥ፣ በአንድ መኪና አንድ ከሦስት ዐሥረኛ ሰው ብንቈጥር፣ 520 ሰው እናገለግላለን። መኪናዎቹም ሜዳውን እንደያዙ ይውላሉ። ያው ሄክታር ጣራ ያለው የአውቶቡስና የታክሲ መናኸሪያ ቢሆን በየሰዓቱ ብዙ ሺህ ሰው ያስተናግድ ነበር። እነዚያ 520 ሰዎች ደግሞ የሚሳፈሩት በመነሻው ላይ ነው። መቀመጫውንና መቆሚያውን ቀድመው ይይዛሉ፤ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ባቡሩ ሞልቶ ያልፈዋል። የምልልሱ ብዛት ሳይጨምር የዳር ማቆሚያ መክፈት ማለት፣ መኪና ላለው ሰው ቦታ ለመስጠት መኪና የሌለውን ከወረፋ ማውረድ ይሆናል። ይህን በንድፍ ወረቀት ላይ የሚያሳይ መስመር የለም፤ ስለዚህም በቀላሉ ይታለፋል።

ታዲያ ሐሳቡ ጨርሶ ይጣል አልልም። በበኩሌ ከአያት ይልቅ ቱሉ ዲምቱን አስቀድማለሁ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ከቢሾፍቱና ከአዳማ የሚመጣው ባለመኪና እዚያ ድረስ ያለ ችግር ይደርሳል፤ የሚታሠረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስፍራው ከመጨናነቁ በፊት በመሆኑ የሲንጋፖርን ስሕተት አይደግምም። የባቡሩ መስመር ግን እዚያ ስለማይደርስ፣ በየዐሥር ደቂቃው የሚነሣና በራሱ መስመር የሚሄድ አውቶቡስ ያስፈልገዋል። ያለዚህ አውቶቡስ ሜዳው ከንቱ ነው። ፓርክኸርስት ያነሡት ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሣል፤ ዛሬ ከቢሾፍቱ በሕዝብ ማመላለሻ የሚመጣው ሰው ነገ እስከ ቱሉ ዲምቱ መኪናውን ይዞ ሊመጣ ነውን?

ይህን ለመከላከል የሌሎች ከተሞች የቲኬት አሠራር ይረዳናል። በስትራስቡርግ የማቆሚያው ቲኬት በመኪናው ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ የትራም መሳፈሪያም ስለሆነ፣ በአንድ መኪና ብዙ ሆኖ መምጣት ያዋጣል። በአምስተርዳም ደግሞ በርካሹ ዋጋ የሚቆመው ወደ መሐል ከተማው በሕዝብ ማመላለሻ መሄዱ የተረጋገጠለት ባለመኪና ብቻ ነው፤ ሌላው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ጥበቃውን ነገር ደግሞ እንደ ትንሽ ጉዳይ አንየው። በአገራችን መኪና ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ የሚገኝ ትልቅ ሀብት ነው። ኃላፊነት የሚወስድ ጠባቂ፣ በቂ መብራት፣ እስከ ምሽት የሚዘልቅ የመጨረሻ አውቶቡስ ከሌሉ፣ ዋጋው ነፃ ቢሆን እንኳ ማንም ትቶት አይሄድም። ዛሬም ቢሆን በዘመድ ግቢ ወይም በነዳጅ ማደያ አቁመው ታክሲ የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ የመረጡት ስፍራ የሚያምኑት ሰው ያለበት ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የማኅበራችን አባሎች የዚህ ዓይነት ሥራ ንድፍ እንዲያወጡ ቢጠየቁ፣ ለአሠሪው እንዲያቀርቡት የምለምነው ሐሳብ ይህ ነው። ሜዳው በመጀመሪያው ዓመት በጠጠር ብቻ ይደልደል፤ ከመቶ ወይም ከመቶ ኀምሳ መኪና በላይ እንዲይዝም አይደረግ። አውቶቡሱ ከሜዳው ቀድሞ ሥራ ይጀምር። የመሐል ከተማ የማቆሚያ ዋጋ በዚያው ዓመት ከፍ ይበል። በመግቢያው በር ላይም በየሦስት ወሩ ለአንድ ሳምንት ለእያንዳንዱ ባለመኪና አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት፤ ይህ ማቆሚያ ከመከፈቱ በፊት በምን ይመጡ ነበር? ከመልሶቹ ሦስት አንዱ «በአውቶቡስ» ወይም «በታክሲ» የሚል ከሆነ፣ አስፋልቱን የሚጠይቀውን ደብዳቤ አልፈርምም፤ ሜዳው ለመናኸሪያ እንዲሰጥ የሚያሳስብ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

 ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ እደግመዋለሁ፤ የማይስማማ አባል ካለ ከዚያ እንጀምር።