ደጋፊው ማንን ይደግፋል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የቅርጫት ኳስን ሲፈጥር ዓላማው ቀላል ነበር። ይኸውም በቅዝቃዜው ወራት ወደ ሜዳ መውጣት ያልቻሉ ወጣቶችን በአዳራሽ ውስጥ የሚያፍታታ፣ መገፋፋትና መጣጣል የሌለበት ጨዋታ ማግኘት ነበር። ለተጫዋቾቹ 13 ደንቦችን ጻፈ፤ ለተመልካቹ ግን አንድም ደንብ አልጻፈም።

ዛሬ ከ130 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ የጨዋታው ደንብ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሲሆን፣ የተመልካቹ ጠባይ ግን አሁንም ማነጋገሩን አልተወም። ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ከተጫዋቾቹም ከአንዱ ጋር እንኳ ሰላምታ ያልተለዋወጠ ሰው፣ አንዱ ቡድን ሲያሸንፍ እንቅልፍ እስኪያጣ የሚደሰተው፣ ሌላው ሲሸነፍም ጮቤ የሚረግጠው ስለ ምንድን ነው? ዳኛውም፣ አሠልጣኙም፣ መምህሩም ሥራቸውን የሚያከናውኑት በዚህ ሰው ፊት ስለሆነ፣ ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ነው።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሄንሪ ታጅፌልና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መነሻ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን እርባና በሌለው ምክንያት፣ ለምሳሌ ከሁለት ሠዓሊዎች ሥራ የትኛውን እንደሚመርጡ በመጠየቅ ብቻ፣ ለሁለት ከፈሏቸው። ተማሪዎቹ በየትኛው ክፍል ማን እንዳለ አያውቁም ነበር። ይህም ሆኖ ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲታዘዙ ለራሳቸው ክፍል አደሉ። ከዚህም አልፈው፣ የራሳቸው ክፍል የሚያገኘው ቢቀንስ እንኳ፣ ከሌላው ክፍል የሚበልጥበትን ልዩነት ማስፋት የመረጡበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ መደገፍና መቃወም መንታ ሆነው የሚወለዱት እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ተራ ምክንያት ወገን ከተፈጠረ፣ የትውልድ ከተማ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤትና አባት ልጁን እጁን ይዞ ጨዋታ ያሳየበት ትዝታ ሲጨመርበት ወገንተኝነቱ ምን ያህል እንደሚጠነክር መገመት አያዳግትም።

ወገንተኝነት ዓይንንም ይመራል። እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ያደረጉት የፉትቦል ግጥሚያ በኃይለኛነቱ ብዙ አነጋግሮ ነበር። የግጥሚያው ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች ታየ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ተጫዋቾች ላይ የቆጠሩት ጥፋት የዳርትማውዝ ተማሪዎች ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዳኛ ላይ የሚጮኸው ደጋፊ ሁልጊዜ ዋሾ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በእርግጥ ያየውን ነው።

የድል ፍላጎትም የራሱ ድርሻ አለው። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በሰባት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን አለባበስ መዝግበዋል። የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድን ድል ባደረገ ማግሥት፣ ሰኞ ዕለት፣ የተቋሙ ስም ወይም ምልክት ያለበትን ልብስ ለብሰው የሚመጡት በዝተው ተገኙ። ስለ ውጤቱ በስልክ ሲጠየቁም ድሉን «አሸነፍን» ብለው ወደ ራሳቸው ሲያስጠጉት፣ ሽንፈቱን ግን «ተሸነፉ» ወደ ማለት ያዘነብሉ ነበር። ይህ ዝንባሌ ጎልቶ የታየው ደግሞ፣ ቀደም ሲል በአንድ ፈተና እንደ ወደቁ በተነገራቸው ተማሪዎች ዘንድ ነው። ትንሽ ቆሎ ይዞ ወደ አሻሮ መጠጋት እንዲሉ፣ የራሱ ክብር የጎደለበት ሰው የሌላውን ክብር ተጠግቶ ይሞቃል።

ይሁን እንጂ የድል ፍላጎት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ወገን የሌለው ተመልካች ብዙውን ጊዜ የሚያዳላው ለደካማው ነውና። ጆሴፍ ቫንዴሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ ሰዎች እንደሚሸነፍ የተገመተውን ወገን የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይበልጥ የሚደክመውና የሚጥረው እርሱ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ከ40 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ከአካባቢው ውጭ ብዙ ወዳጆች አፍርቶ ነበር። በተከታዩ የውድድር ዘመን ከ82 መደበኛ ጨዋታዎች 73ቱን አሸነፈ። በ2016 ዓ.ም. ግን ኬቪን ዱራንት፣ የራሱን ቡድን ኦክላሆማ ሲቲን በሰባተኛው ጨዋታ ወደ ጣለው ወደዚሁ ክለብ ተዛወረ። ክለቡ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ፤ ትናንት ካጨበጨቡለት ተመልካቾች ብዙዎቹ ግን ሽንፈቱን የሚመኙ ሆኑ። የተጫዋቾቹ ችሎታ አልቀነሰም፤ የጎደለው፣ ድሉ በልፋት የተገኘ ነው የሚለው እምነት ነበር።

ከጥላቻ ሁሉ የሚብሰው ግን ከፍቅር የሚወለደው ነው። ሌብሮን ጄምስ ለክሊቭላንድ ቅርብ በሆነችው በአክረን ተወልዶ ያደገ በመሆኑ፣ የአካባቢው ሕዝብ እንደ ራሱ ልጅ ያየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ለሰባት ዓመታት ከተጫወተበት ክለብ ለቆ ወደ ማያሚ እንደሚሄድ በቴሌቪዥን ሲያስታውቅ፣ በክሊቭላንድ ጎዳናዎች ማሊያው ተቃጠለ። ሌሎች ተጫዋቾችም በየጊዜው ክለብ ይለውጣሉ፤ ማሊያቸው ግን ብዙውን ጊዜ አይቃጠልም። በ2014 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ክሊቭላንድ በፍጻሜው 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ ጎልደን ስቴትን አሸንፎ፣ ከተማዪቱ በታላላቅ የስፖርት ሊጎች ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ ያጣችውን ዋንጫ አገኘች። ማሊያውን ያቃጠለችው ከተማ በደስታ እንባ ተቀበለችው። ለካስ እሳቱም እንባውም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የጨዋታ ቅመም ነው ሊባል ይችላል። የቢል ራስል ታሪክ ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያስነሣል። ራስል እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ቦስተን ሴልቲክስን ተቀላቅሎ እስከ 1969 ዓ.ም. በ13 የውድድር ዘመናት 11 ዋንጫ አስገኘ። በ1966 ዓ.ም. አሠልጣኝ ሆኖ ሲሾም በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ። ይህ ሁሉ ድል እየተገኘ የቦስተን ጋርደን አዳራሽ ብዙ ምሽት ሳይሞላ ይቀር ነበር። ከዚህም የከፋው፣ በቦስተን አጠገብ ሬዲንግ በተባለችው ከተማ የሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ተሰብሮ፣ ንብረቱ ተበላሽቶ፣ በግድግዳው ላይ ቀለሙን የሚያንቋሽሽ ስድብ ተጽፎ መገኘቱ ነው። በአዳራሹ ውስጥ «አሸነፍን» የሚለው ቃል ራስልን ይጨምር ነበር፤ በመኖሪያ ሰፈሩ ግን «እኛ» ሲባል እርሱ የለበትም ነበር። ራስልም የተጫወተው ለሴልቲክስ እንጂ ለቦስተን እንዳልሆነ ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. 6 ቁጥር ማሊያው ለክብር ሲሰቀል ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ተመልካች ከመግባቱ በፊት፣ ጥቂት የቡድን ጓደኞቹ ብቻ ባሉበት ነው፤ ይህም በእርሱ ፈቃድ የተደረገ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሥነ ሥርዓቱ በሕዝብ ፊት ተደገመ፤ የቦስተን ሕዝብም ቆሞ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። በ2013 ዓ.ም. በከተማው ሐውልት ቆመለት። በ2022 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም ሊጉ 6 ቁጥርን በሁሉም ክለቦች ዘንድ ለክብሩ አኖረው። «እኛ» የሚለው ቃል ወሰኑ ሊሰፋ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው፤ በከፍተኛ መዘግየት ቢሆንም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ደጋፊ በውነቱ የሚደግፈው ራሱን፣ ይኸውም ሊሆን የሚመኘውን ራሱን ነው። ስለዚህ «አትደግፉ» ወይም «አትቃወሙ» ብሎ መምከር ከንቱ ድካም ነው። የሚቻለው የወገንን አጥር ጨዋታው ሲያልቅ የሚፈርስ አድርጎ መሥራት ነው። ይህም የሚጀመረው በትላልቅ አዳራሾች ሳይሆን፣ መምህሩ አንድን ክፍል ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ መለያ በሚያለብስበት በትምህርት ቤት ሜዳ ነው። በዚያች ደቂቃ ሁለት «እኛ» ይፈጠራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት መለያውን የሚያቀያይር መምህር፣ የትናንቱ ባላጋራ የዛሬ አጋር ሊሆን እንደሚችል ያለ ብዙ ቃል ያስተምራል። የተጫዋችን አጨዋወት መንቀፍ እንደሚቻል፣ ትውልዱንና መልኩን መስደብ ግን ከጨዋታው ውጭ መሆኑን ከመጀመሪያዋ ቀን የሚያስገነዝብ አሠልጣኝም እንዲሁ ነው።

ኔይስሚዝ ለተመልካቹ ደንብ አልጻፈም። ያ ገጽ ባዶውን የተተወው፣ ምናልባት፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት የሙያ ልጆቹ ይሆናል።