ሸርጣኑ ምን በደለ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ ነው። «ነፍስ እየጠፋች ሳለ ስለ ድንጋይና ስለ ሸርጣን ይሰብካል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ሞንተሬይ የሚባል የባሕር ሰላጤ አለ። ሆፕኪንስ የተባለ የባሕር ምርምር ጣቢያ እዚያ ይገኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1931 እስከ 1933 ዊሊስ ሂዋት የተባለ ተማሪ በዚያ ድንጋይ ላይ ፍጥረታትን ይቆጥር ነበር። ከዳርቻው ከፍታ እስከ ውኃው ድረስ መስመር ዘረጋ፤ መስመሩ እንዳይጠፋ የነሐስ ብሎን ድንጋዩ ውስጥ ተከለ። ከዚያም አንድ ያርድ በአንድ ያርድ እየከፈለ፣ ቀንድ አውጣውንም ሸርጣኑንም ሳይንቅ ቆጠረ። መዝሙረኛው ስለ ባሕር ሲዘምር ትልልቆቹን ብቻ አላነሣም፤ ለትንንሾቹም ቦታ ሰጥቷቸዋል። ይህ ሰውም እንደዚያው ነው።

60 ዓመት አለፈ። በ1993 እና በ1994 ራፍ ሳጋሪንና ባልደረቦቹ ወደዚያው ድንጋይ ሄዱ። ብሎኖቹን አገኟቸው! ያንኑ ቦታ እንደገና ቆጠሩ። ካነጻጸሯቸው 45 ዓይነት ፍጥረታት የ32ቱ ብዛት በግልጽ ተለውጧል። ሞቅ ያለውን የደቡብ ውኃ ከሚወዱት 9 ዓይነቶች 8ቱ በዝተዋል። ቀዝቃዛውን የሰሜን ውኃ ከሚወዱት 8 ዓይነቶች ደግሞ 5ቱ ቀንሰዋል። የዳርቻው ውኃ አማካይ ሙቀት በ60 ዓመት ውስጥ የጨመረው 0.75 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

«ይቺማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እናት የልጇን ግንባር ስትዳስስ አንድ ዲግሪ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ለዚያውም ልጁ የራሱ የሰውነት ሙቀት አለው። ሸርጣኑ ግን የራሱ የለውም፤ የውኃው ሙቀት የእሱ ሙቀት ነው።

እንግዲህ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንስሳቱ ወደ ሰሜን ተሰደዱ» ይላሉ። ስደት ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም፤ ይህን የምታነብቡ ብዙዎቻችሁ በሰው አገር ናችሁ። የእነዚህ ስደት ግን ሌላ ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ እንደ ትንሽ እሳተ ገሞራ ሾጠጥ ያለ ሮዝ ዛጎል ያለው ፍጥረት አለ። አንዴ ከተጣበቀ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች ቦታ አይነቃነቅም። የሚጓዙት ልጆቹ ናቸው። ገና እጭ ሳሉ የባሕር ሞገድ ይወስዳቸዋል፤ ወድቀው ያረፉበት ውኃ ከቀዘቀዘባቸው ይሞታሉ፤ ከሞቀ ያድጋሉ። ስለዚህ ካርታው ላይ «ተዛወረ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር፣ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት፣ በአንዱ ጫፍ ልጆች መትረፋቸው፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተተኪ አጥተው ማለቃቸው ነው።

ከ2014 እስከ 2016 በዚያ ጠረፍ ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። ተመራማሪዎች በሰሜን ካሊፎርኒያ እምብዛም የማይታዩ 67 የደቡብ ዓይነቶችን አገኙ። 37ቱ ከዚያ በፊት ያን ያህል ወደ ሰሜን ርቀው ታይተው አያውቁም ነበር።

እነዚህስ መሄጃ አላቸው። በአሽዶድና በአሽቀሎን ያላችሁ ወገኖቼ፣ በደጃችሁ ያለው ባሕር ግን የተዘጋ ነው፤ ወደ ሰሜን ቢሉ ቱርክ የብስ ናት። በ2021 የወጣ ጥናት በእስራኤል ጠረፍ ከባሕሩ ወለል የሙታኑን ዛጎል ለቅሞ ከሕያዋኑ ጋር አስተያየ። ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ቦታ ከቀድሞዎቹ የአገሬው ዛጎል ለባሾች በሕይወት የተገኙት ዓይነቶች 12 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በድንጋያማው 5 በመቶ። በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ ከቀይ ባሕር የገቡት ግን ሙቀቱ ተስማምቷቸዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ቁጥር ሳነብብ ልቤ ወረደ።

በአገራችንም ቢሆን ሙቀት ቦታ ያስለውጣል። ከ1993 እስከ 2005 በቢሾፍቱ አካባቢ የተያዘው የሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፣ ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ወደ ደጋው ከፍ ብላ ታይታለች።

ከየት መጣ ይህ ሙቀት? የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ስናነድድ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ምድር ላይ ይይዘዋል። ከዚህ ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የተሸከመው ባሕሩ ነው። ነቢዩ ሆሴዕ የሰው ኃጢአት ዋጋው እስከ ባሕር ዓሣ ድረስ እንደሚደርስ ሲናገር እኔ ድሮ ነገር ማጋነን ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ሸርጣኑ መኪና አልነዳም፤ ፋብሪካ አልተከለም፤ ምን በደለ?

አንዳንድ ወንድሞች «ጌታ ሊመጣ ነው፤ ይህም ምልክት ነው፤ ለምን እንጨነቃለን?» ይሉኛል። ጌታዬ እንደሚመጣ አምናለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ጌታው ሊመጣ ነው ብሎ አደራ የተሰጠውን ቤት የሚያቃጥል አገልጋይ የት አያችሁ? ይህ ነገር እምነት ሳይሆን ስንፍና ነው የሚመስለኝ፤ ከተቆጣችሁኝ ተቆጡኝ።

በባሕር አጠገብ የምትኖሩ፣ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ያያችሁትን ስሙን ጠይቁ፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሂዋትም ሲቆጥር ከ60 ዓመት በኋላ ማን እንደሚፈልገው አላወቀም። ድንጋይ ገልብጣችሁ ከሥሩ ካያችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ እንደነበረ መልሱት። ከሥሩ ያሉት ፀሐይ ላይ ከቆዩ ይደርቃሉና።