ሳይንቲስት ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

(በዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ይህን ርዕስ የሰጠኝ ኮሚቴው ነው። ዛሬ ከምንወያይባቸው ጉዳዮች አንዱ ለትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የምናዋጣው ገንዘብ ስለሆነ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ቀድመን ብናውቅ ለውሳኔው ይረዳናል።

ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ብዙ ጊዜ «ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል፣ ምን ልውሰድ?» እባላለሁ። እኔ ግን የሕክምና ዶክተር አይደለሁም። ሥራዬ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮችን መመርመር ነው። ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚረዱት እዚሁ ላንግሽትራሰ ባሉት ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት የሚሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ይመስሉኛል። ይለካል፣ ይቀላቀላል፣ ሰዓት ይጠበቃል፣ ዕቃ ይታጠባል። የእኛ የሚለየው፣ አንዱን ነገር ቢያንስ ሦስት ጊዜ መድገማችንና አጠገቡ ምንም ያልተጨመረበት ናሙና ማስቀመጣችን ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካልታየ የአንድ ወር ሥራ «አልሆነም» ተብሎ መዝገብ ላይ ይጻፋል። እሱም ውጤት ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው በዚያ መንገድ አይደክምም።

ሌላው የቀኑ ክፍል በጽሑፍ ያልቃል። ለምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ይጻፋል፤ አብዛኛው ውድቅ ይሆናል። ውጤት ሲገኝ ደግሞ ለመጽሔት ይላካል፣ የማናውቃቸው ባለሙያዎች ይተቹታል፣ ተስተካክሎ እንደገና ይላካል። የብዙ ተመራማሪዎች የሥራ ውል የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ነው። እንደኛ ከአውሮፓ ውጭ ለመጣ ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ ቤተሰብም አብሮ ይጨነቃል።

አንድ ግኝት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማየት ከፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል ሰው ከመያዙ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩን አላለፉትም። እንዶዱን በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት፤ ሞቱ። ይህ ለዓይን የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

የቀረው ግን ዓመታት ፈጀ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እየተከሉ፣ እያወዳደሩ፣ ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ዓድዋ ላይ ለ5 ዓመት በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የሚታየው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተገለጸ። ሆኖም ጄኔቫ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች፣ እንዶድ በስፋት ከመሠራጨቱ በፊት ደኅንነቱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባለው ላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት አሉ። ለዚያ ምርመራ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ አልተገኘም፤ በኋላ በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተሠራ። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን «የራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማትን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከዓድዋው ቀን 25 ዓመት በኋላ ነው።

ደኅንነቱ ይረጋገጥ ማለት በራሱ ተገቢ ነበር። ብርብራ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ የምታውቁ የጣና ልጆች ትረዱኛላችሁ፤ እንዶድም ለዓሣ መርዝ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ግን የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ በአፍሪካ የተገኘን ውጤት ያለማመንም ነው ብለው ይከራከሩ ነበር። ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ነው። በሽታውም ከጣና ዳር አልጠፋም። መድኃኒቱን የወሰደ ልጅ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሲገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የሚጠብቀን ሥራ ገና ብዙ ነው።

ወደ ውሳኔያችን ልምጣ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የኖረ ማይክሮስኮፕ እናውቃለን። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ መስታወቱ አልቆ፣ ወይም የሚያሠራው ሰው ጠፍቶ ነው። እኛም ዕቃ ገዝተን፣ ፎቶ ተነሥተን ብንመለስ ያው ይደገማል። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመዋጮው ግማሹ በየዓመቱ ለሚያልቁ ነገሮች ይያዝ፦ ለኬሚካል፣ ለስላይድ መስታወት፣ ለመለዋወጫ፣ መብራት ሲጠፋ ለሚሠራ ባትሪ። ሁለተኛ፣ ለአንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ቢያንስ ለሦስት ዓመት አበል እንመድብ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የላቦራቶሪ መዝገብ ይኑረው፤ የለካውን፣ ያልተሳካውንም ጭምር ይጻፍበት። ከእኛ መካከል ሳይንስ የተማርን በየወሩ መዝገቦቹን በስልክ ፎቶ ተቀብለን እናንብብ፣ አስተያየት እንላክ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥር ተማሪዎች እወስዳለሁ።

ይህ ለምረቃ በዓል የሚያምር ፕሮጀክት ላይሆን ይችላል። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውም። ነገር ግን ከጎርጎራ ልጆች አንዷ፣ እናቷ በእንዶድ ልብስ ስታጥብ አይታ «ለምን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋን ይዛ የምትሄድበት የተከፈተ በር፣ የሚሠራ ማይክሮስኮፕና የሚሰማት ሰው ታገኛለች። ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልኝ።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።